ከአደጋ በኋላ ለመፈረም አትቸኩሉ

(ጎንደር ውስጥ ለእድር አመራሮችና ለነዋሪዎች ስለ አካል ጉዳት ካሳ ከቀረበ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች። በተለይ የእድር ዳኞች በብዛት በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። እዚህ ከተማ ሰው መኪና ሲገጨው ከጠበቃ በፊት፣ ብዙ ጊዜም ከፖሊስ በፊት የሚደርሰው ጎረቤትና እድርተኛ ነው። ዛሬ የምናገረውን የምትይዙት እናንተ ከሆናችሁ ለብዙ ሰው ይተርፋል።

ጠበቃ ነኝ። ባጃጅ የጣላቸው፣ ሚኒባስ የገጫቸው፣ ከሕንፃ የወደቁ ሰዎች ጉዳያቸውን ይዘው ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁትን ነገር በመጀመሪያ ልንገራችሁ። ሰዎች መብታቸውን በብዛት የሚያጡት ፍርድ ቤት ቀርበው ተሸንፈው አይደለም። ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ነው። አደጋው በደረሰ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እግሩ ከጀሶ ሳይወጣ፣ ሐዘኑ ሳይበርድ፣ በሽማግሌ ፊት አንድ ወረቀት ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ጠበቃ ቢመጣም ሊያደርገው የሚችለው ነገር ትንሽ ነው።

የሽምግልና ጠላት አይደለሁም። በእኛ አገር ሽማግሌ ባይኖር ስንት ቤት በቂም ይፈርስ እንደነበር አውቃለሁ። ግን እርቅና ካሳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እርቁ የልብ ነው። ካሳው የሆድ፣ የመድኃኒት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱን በአንድ ፊርማ ስንጨርሳቸው የሚጎዳው ሁልጊዜ የተጎዳው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። የሹፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ድንጋይ ይሸከማሉ፣ ይለምናሉ። «ልጁ ድሃ ነው፣ ታስሮብናል፣ እናቱ ታማለች» ይላሉ። እውነታቸውንም ነው። የተጎጂው ቤተሰብም ያዝናል። ሰው ከሞተ ደግሞ «የልጃችንን ደም በብር አንለውጥም» ይባላል። ይህን የሚሉ አባቶችን በጣም አከብራለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ወገን የረሱት አንድ ሰው አለ፤ እሱም መድን ድርጅቱ ነው። ባለመኪናው በየዓመቱ የሦስተኛ ወገን መድን የገዛው ለዚህ ቀን ነው። ካሳው ከድሃው ሹፌር ኪስ አይወጣም። ለዚሁ ተብሎ አስቀድሞ ከተከፈለ ገንዘብ ነው የሚወጣው። ሹፌሩን ይቅር ብላችሁ መድኑን መጠየቅ ትችላላችሁ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሕጉ ስለ ፊርማው ምን እንደሚል ስሙ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት፣ የግልግል ስምምነት (በሽማግሌ ፊት የሚፈረመው ዓይነት ወረቀት) በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ያህል ጉልበት አለው። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ እግሩ እንደማይታጠፍ ሐኪም ቢነግራችሁ በሩ ተዘግቷል። በሌላ በኩል መድን ድርጅቱ ደግሞ «እኔ የሌለሁበት ስምምነት አያስገድደኝም» ብሎ ይከራከራል። ሁለት ጉዳት በአንድ ወረቀት ማለት ነው።

ታዲያ ሽማግሌው ደጅ ቆሞ ምን እናድርግ? መልሱ ቀላል ነው። ታረቁ። ወረቀትም ከተጻፈ እንዲህ ይጻፍ፦ «ቂም የለንም፣ ይቅር ተባብለናል። የካሳው ጉዳይ ግን በመድንና በሕግ በኩል የሚታይ ነው።» ለመድኃኒትና ለምግብ የተሰጠ ገንዘብ ካለ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደተሰጠ፣ «ለሕክምና መርጃ» ተብሎ ይጻፍ። ሽማግሌዎቻችን ይህቺን አንዲት አረፍተ ነገር ቢለምዷት፣ ብዙ ቤተሰብ ይድናል። ለማንኛውም፣ ሰው የሞተበት ጉዳይ በእርቅ አይዘጋም። ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ክሱን ይቀጥላል። እርቁ ለሹፌሩ ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችላል፣ ይህም መልካም ነው።

አሁን ወደ አደጋው ሰዓት ልመለስ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ኋላ የሚያስቸግረን በአብዛኛው ያኔ ያልተያዘ ነገር ነውና።

እኛ ጎንደሮች ሰው ሲወድቅ ካየን ተረባርበን በመጀመሪያ ባገኘነው ባጃጅ ጭነን ወደ ኮሌጅ፣ ማለትም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እንበራለን። ይህ ደግነት ነው፣ እንዳይቀር። ግን አንድ ሰው እዚያው ይቅር። አንድ ሰው ብቻ። የገጨው መኪና እንዳይነሳ፣ ከተነሳም የት እንደነበረ እንዲታወቅ። ስልክ የሌለው ስለሌለ ፎቶ ያንሳ። ታርጋውን ሲይዝ ቁጥሩን ብቻ አይያዝ። ኮዱንና የክልሉን ፊደል ጭምር ይያዝ። ቁጥሩ ተመሳሳይ ሆኖ አንዱ «አማ»፣ ሌላው «አአ» ወይም «ኢት» ሊሆን ይችላል። በቁጥር ብቻ የመጣ ሰው ባለቤቱን ፍለጋ ብዙ ይንከራተታል።

ከዚያ የፊት መስታወቱን ይመልከት። የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት እዚያ ላይ ይለጠፋል። ባጃጅም ቢሆን እንደዚያው ነው። የመድን ድርጅቱን ስምና የሚያበቃበትን ቀን በፎቶ ያስቀር። ይህች ትንሽ ወረቀት ናት ማን እንደሚከፍላችሁ የምትነግራችሁ።

ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ የአደጋውን ፕላን ያነሳል። መንገዱን ይለካል፣ የጎማውን ጭረት ይለካል፣ ሰውዬው የወደቀበትን ቦታ ያመለክታል። ያያችሁትን ንገሩት። ስማችሁንና ስልካችሁን አስመዝግቡ። «ምስክር ሆኜ ልመላለስ ነው?» ብላችሁ አትሽሹ። የዛሬ ምስክርነት ነገ ለእናንተም ልጅ ይደርሳል።

ሆስፒታል ስትደርሱ በካርዱ ላይ «የትራፊክ አደጋ» ተብሎ መጻፉን አረጋግጡ። አንዳንዱ ግርግር ውስጥ «ወደቀ» ብሎ ያስጽፋል። በኋላ ያችን አንዲት ቃል ለማስተካከል ትልቅ ጣጣ ነው። ድንገተኛ ሕክምናን በተመለከተ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ግልጽ ነው። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ገንዘብ ስለሌለው ከድንገተኛ ሕክምና አይመለስም፤ እስከ ተወሰነ መጠን ያለው ወጪ በመድን ወይም በመድን ፈንድ ይሸፈናል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ይህ መጠን 2,000 ብር ነበር። ቁጥሮቹ የሚሻሻሉ ስለሆኑ የወቅቱን መጠን ከመድን ድርጅቱ ጠይቁ።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቤተሰብ ገና በሦስተኛው ቀን በሽተኛውን ከሆስፒታል አውጥቶ ወደ ወጌሻ ይወስዳል። የሕክምናውን ጉዳይ ለሐኪሞች እተዋለሁ። በማስረጃ በኩል ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። ወጌሻ ራጅ የለውም፣ ካርድ የለውም፣ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። መድን ድርጅቱ «እግሩ የተበላሸው ሕክምና አቋርጦ ስለወጣ ነው» ይላል። ይህ ክርክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እባካችሁ፣ ሐኪሙ ሳይጨርስ አታውጡት።

ወደ ቢሮዬ ሲመጡ ብዙዎቹ አንድ ፌስታል ይዘው ነው። በውስጡ ሁሉም ነገር ተደባልቋል። ራጁ ታጥፎ ተሰንጥቋል። የመድኃኒቱ ደረሰኝ ከማሽን የወጣ ስለሆነ ቀለሙ ለቅቆ ነጭ ወረቀት ሆኗል። የከፈሉት እውነት ነው፤ ግን የሚነበብ ነገር የለም። ስለዚህ ደረሰኝ እንደተቀበላችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ፎቶ ኮፒም አድርጉት። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም። ለትራንስፖርት የወጣውን በደብተር ላይ በየቀኑ ጻፉ። ማን እንዳስታመመ፣ ስንት ቀን ከሥራ እንደቀረም ጻፉ። የአስታማሚ ድካምም ዋጋ አለው።

እሺ፣ ማን ነው የሚከፍለው?

እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለተጎጂ ትልቅ ውለታ ውሏል። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋት ባይኖርበትም። ሹፌሩ ሌላ ሰው ቢሆንም ኃላፊ ነው። «ፍሬን እንቢ አለኝ» ማለት አያድነውም። «ሌላ መኪና ገፍቶኝ ነው» ማለትም አያድነውም። ከኃላፊነት የሚወጣው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ፣ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው መሆኑን ካስረዳ ነው። ተጎጂው በከፊል አጥፍቶ ከሆነ ደግሞ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው የሚወርዱ ወጣቶች ይህን ልብ ይበሉ። መኪናው ቢገለበጥ «ማን በጭነት ላይ ውጣ አለህ?» የሚል ክርክር ይመጣል። መብቱ አይጠፋም፣ ግን ሊቀንስ ይችላል።

ባጃጅ ላይ የሚገጥም አንድ ችግር አለ። ተሽጧል፣ ስሙ ግን አልዞረም። ሊብሬው በአንድ ሰው ስም ነው፣ የሚያሠራው ሌላ ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም አስገቡ። የኔ አይደለም፣ የሱ ነው የሚለውን ፍርድ ቤት ፊት እርስ በርስ ይከራከሩበት። እናንተ መሀል ላይ አትንገላቱ።

ገጭቶ ያመለጠ ከሆነስ? መድን የሌለው ከሆነስ? ለዚህ የመድን ፈንድ አለ። ባለቤቱ ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ለገደለውና ላቆሰለው ሰው ፈንዱ ይከፍላል። ብዙ ሰው «አምልጧል» ተብሎ ቤቱ ተቀምጧል። አትቀመጡ። ለፖሊስ ያመለከታችሁበትን ማስረጃ ያዙና ጠይቁ። ፖሊስ ጋ ያልተመዘገበ አደጋ ግን ፈንዱም ጋ አይደርስም።

አንድ ነገር ልጨምር። መድን ድርጅቱ የሚከፍለው በመድን ውሉ (በፖሊሲው) እስከተቀመጠው ጣሪያ ድረስ ነው። ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ የቀረውን ባለቤቱ ይጠየቃል። መድኑ ቼክ ሲሰጣችሁ የሚያስፈርማችሁን ወረቀት አንብቡ። «ከማንኛውም ወገን ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ካለ፣ ብዕሩን አስቀምጡና መጀመሪያ ሰው አማክሩ።

ስንት ነው የሚከፈለው የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ለአንድ እግር ይህን ያህል የሚባል ነገር በፍትሐ ብሔር ክስ ውስጥ የለም። መርሁ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው። የወጣው ገንዘብ ይቆጠራል። የቀረው ገቢ ይቆጠራል። ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳትም ሳይደርስ ከአሁኑ ይቆጠራል። ለዚህ ዋናው ማስረጃ የሐኪሞች ቦርድ የሚሰጠው የጉዳት መጠን በመቶኛ ነው። ቦርዱ የሚያየው ሕክምናው ካበቃ በኋላ ነው፤ ለመፈረም አትቸኩሉ የምለው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ገና የማይታወቀውን ጉዳት በምን ዋጋ ትሸጡታላችሁ?

ገቢን ማስረዳት ለደመወዝተኛ ቀላል ነው። ለባጃጅ ሹፌር፣ ለጉሊት ነጋዴ፣ ለገበሬ ግን ፈተና ነው። የግብር ደረሰኝ ጥሩ ነው። የእቁብ ደብተር ደጋፊ ማስረጃ ይሆናል፤ በየሳምንቱ ይህን ያህል የሚጥል ሰው ገቢ እንዳለው ያሳያል። አብረው የሚሠሩ ምስክሮችም አሉ። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብሎ ባመነው ልክ ይወስናል። ገና ተማሪ የሆነ ልጅ ሲጎዳ፣ ደመወዝ የሌላት የቤት እመቤት ስትጎዳ ይህ ቁጥር ነው የሚያገለግለን። «ገቢ ስለሌላት ጉዳት የለባትም» የሚል ክርክር ሲቀርብ እኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ቤቱን የምታቆም ሴት እጇ ሲሰበር ቤቱ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ሰው ከሞተ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በራሳቸው ስም ካሳ ይጠይቃሉ። ወንድምና እህት በዚህ ውስጥ የሉም፤ ሟቹ ያስተዳድራቸው የነበረ ቢሆን እንኳ። ይህ ብዙ ሰው ያሳዝናል፣ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

የሕሊና ጉዳት ካሳን ሳልናገር አላልፍም። ልጅ ላጣች እናት፣ ዕድሜ ልኩን በሕመም ለሚኖር ሰው ሕጉ የሕሊና ካሳ ፈቅዷል። ነገር ግን ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ይህ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለሐዘንተኛ እናት «የሕሊና ጉዳትሽ 1,000 ብር» ብሎ መንገር ለዳኛውም ለእኔም ያሳፍራል። ይህ ሕግ መለወጥ አለበት። ወኪሎቻችሁን ስታገኙ ጠይቁልኝ።

ስለ ጊዜ። እንደ መኪና አደጋ ያለ ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አድራጎቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ረዘም ያለ ከሆነ ረዥሙ ይሠራል። እናንተ ግን ሁለቱን ዓመት እንደ መጨረሻ ቁጠሩ። ከመድን ጋር «ነገ ና፣ ሳምንት ና» እየተባባላችሁ ሁለት ዓመት እንዳያልፍ። ደብዳቤ መጻጻፍ ክስ መመሥረት አይደለም።

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን መንገዱ ሌላ ነው። ጊዜውም አጭር ነው፣ አንድ ዓመት። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆመው ሲለስኑ የሚወድቁ ልጆች አሉን። «ውል የለኝም፣ የቀን ሠራተኛ ነኝ» ይላሉ። የሥራ ውል በጽሑፍ መሆን የለበትም። አብረው የሠሩ ምስክሮች ይበቃሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ያሳክማል። ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም።

በሌላው ክስ ግን የዳኝነት ክፍያ አለ፤ የሚሰላውም በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ነው። የሌለው ሰው ምን ያድርግ? የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለዚህ መልስ አለው፤ በደሃ ደንብ መክሰስ ይባላል። ንብረታችሁንና ገቢያችሁን ዘርዝራችሁ ታመለክታላችሁ፣ ፍርድ ቤቱ አይቶ ይፈቅዳል። እዚሁ ከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ማንም ሳይጠይቃቸው ቤቱ አይቅር።

ባለመኪናው የአዲስ አበባ ሰው ቢሆንም አደጋው የደረሰው አዘዞ ወይም ማክሰኝት ከሆነ ክሱን አደጋው በደረሰበት አካባቢ ማቅረብ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ድረስ ተመላለሱ የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ባለመኪናው ሲከሰስ መድኑን ጣልቃ ያስገባል፣ ክርክሩም በሦስት ወገን ይሆናል። ይህ አያስደንግጣችሁ።

ከአዳራሹ ብዙ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። አንዱን ብቻ እዚህ ላስቀምጥ። አንድ አባት ተነስተው «ሹፌሩ በወንጀሉ ነፃ ተብሎ ወጣ። ጉዳዩ አለቀ ብለውኝ ነበር፣ እውነት ነው ወይ?» አሉ።

«አላለቀም፣ አባቴ» አልኳቸው። የወንጀል ችሎት የሚጠይቀው ሹፌሩ አጥፍቷል ወይ፣ ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል ወይ የሚለውን ነው። የካሳ ችሎት በዚያ አይታሰርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 ይህንኑ ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ቅድም እንዳልኩት ያለ ጥፋትም ተጠያቂ ነው። ጥያቄው አደጋው መቼ ደረሰ የሚለው ብቻ ነው። ቀኑን ነገሩኝ፤ ሁለት ዓመት አልሞላውም። የፖሊሱን ሪፖርትና የሆስፒታሉን ካርድ ይዘው ሰኞ ጠዋት ወደ ነፃ ድጋፍ ማዕከሉ እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ አዘጋጅተውት የነበረው ወረቀት ገና አልተፈረመም ነበር፤ እሱንም ይዘው እንዲሄዱ አደራ አልኳቸው።